ካርፕን በሙቀት ወራት ማብቂያ ማጥመድ፦ ከምግቡ በፊት ቦታው

ካርፕ ዓሣን ማጥመድ ከሚጀምሩ ሰዎች በብዛት የምሰማው ጥያቄ «በምን ምግብ ልያዘው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በሙቀት ወራት ማብቂያ ላይ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ነው። ዓሣው የት እንደሚውልና በየትኛው ሰዓት እንደሚመገብ ካልታወቀ፣ ምርጥ የተባለው ምግብ እንኳ ማንም በማይደርስበት ወለል ላይ ተቀምጦ ያድራል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ለዓመታት ስመላለስበት ከቆየሁት ከዚህ ወቅት ያገኘሁትን ልምድ ለሌሎች ለማካፈል ነው። ወቅቱ በሰሜናዊው የምድር ንፍቀ ክበብ በነሐሴና በመስከረም፣ በደቡባዊው ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ይውላል።

ካርፕ እንቁላሉን የሚጥለው ውሃው ሞቅ ብሎ ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ በሚደርስበት ጊዜ ነው። እንስቷ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ100 ሺህ በላይ እንቁላል ስለምትጥል ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከስታና ተዳክማ ትቆያለች። በሙቀት ወራት ማብቂያ ላይ ግን ይህ ሁሉ አልፏል፤ ዓሣው ሰውነቱን መልሷል፣ ከፊቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ የሚቀንስበት የብርድ ወቅት እየመጣ ነው። ስለዚህ ይመገባል፣ ያውም በብርቱ። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ወይም በየቦታው አይመገብም፤ ብዙ አጥማጆች «ሞልቶ ሳለ አልነካም አለ» እያሉ የሚያማርሩት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ኦክሲጅን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ በሞቀ መጠን በውስጡ ሊይዘው የሚችለው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ጨው የሌለው ውሃ በ10 ዲግሪ በአንድ ሊትር ወደ 11 ሚሊግራም የሚሆን ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። በዚህ ላይ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትና አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ሲያመነጩ ይውሉና ሌሊቱን መልሰው ይጠቀሙበታል፤ በመሆኑም ዕፅዋት በበዛበት ኩሬ ወይም ሐይቅ ኦክሲጅኑ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። ካርፕ ከብዙ ዓሦች ይልቅ የኦክሲጅን እጥረትን የሚቋቋም ቢሆንም፣ መቋቋም ማለት መመገብ ማለት አይደለም። እጥረት ሲሰማው አፉን ከመክፈት ይልቅ የተሻለ ውሃ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል።

ጥልቀት ባላቸው ሐይቆች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሙቀቱ ወራት ሲራዘም ሞቃቱና ቀላሉ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ተደራርበው ሳይቀላቀሉ ይቆያሉ። የታችኛው ንብርብር ከአየር ጋር ስለማይገናኝ፣ ወደ ወለሉ የሚወርደው የሞተ አልጌና ቅጠል ሲበሰብስ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል። «ሙቀት ስለሆነ ዓሣው ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይሆናል» የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ የሚሰማ ቢሆንም፣ እንዲህ ባለ ሐይቅ ውስጥ ጥልቁ ቦታ ከሁሉ ባዶው ሊሆን ይችላል። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ክር ላይ የታሰረ፣ መንጠቆ የሌለው የማስጠሚያ እርሳስ (ከባድ ብረት) ወደ ጥልቁ ወርውሬ ወለሉ ላይ ትንሽ ከጎተትኩት በኋላ አውጥቼ አሸተዋለሁ። ተጣብቆበት የወጣው ጭቃ ጥቁርና የሚዝለገለግ ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሰጠ፣ እዚያ ወለል ላይ ኦክሲጅን እንደሌለ እወስዳለሁ፤ ምግብም አላስቀምጥበትም። ጭቃው ቡናማ ሆኖ የአፈር ሽታ ብቻ ካለው፣ ይልቁንም ትናንሽ ቀይ ትሎች ወይም የቀንድ አውጣ ዛጎል ይዞ ከወጣ፣ ቦታውን በደንብ እይዘዋለሁ።

ቦታ መፈለግ ከሥራው ሁሉ ትልቁን ድርሻ ስለሚወስድ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ። ውሃው ዘንድ እንደደረስኩ ዘንግ አላወጣም። ዕቃዬን ከዳርቻው ራቅ አድርጌ አስቀምጥና ጥላዬ ውሃው ላይ በማያርፍበት በኩል ቀስ እያልኩ እዞራለሁ። ቀስ ማለቱ በከንቱ አይደለም። ካርፕ የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሉት ድምፅና ንዝረትን በጣም አጥርቶ ይሰማል፤ በዳርቻው ላይ የተረገጠ ከባድ እርምጃ ወይም የተወረወረ ሣጥን ከዳር ያለውን ዓሣ ወደ መሃል ለመስደድ ይበቃል። በዚህ ወቅት ደግሞ በተለይ ማለዳና ምሽት ትልልቆቹ ካርፖች ከእግራችን ሥር፣ ከጉልበት በማይዘልቅ ውሃ ውስጥ የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከምልክቶች ሁሉ አብልጬ የማምነው አረፋን ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው አፉን ወደ ወለሉ ደፍቶ፣ በአፉ ዳር ባሉት አራት ጢሞች እየዳሰሰና እየቀመሰ፣ ጭቃውን እየሳበ መልሶ በማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ታምቆ የነበረ ጋዝ ይለቀቃል። ከወለሉ በራሱ የሚወጣ ጋዝ አንድ ቦታ ላይ ትልልቅ አረፋ ጥቂት ጊዜ አውጥቶ ያቆማል። የሚመገብ ካርፕ የሚያወጣው አረፋ ግን የደቀቀና የበዛ ነው፤ አንድ ክንድ በምታህል ስፋት ላይ እየተፍለቀለቀ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ ከጎኑ ይቀጥላል፤ የዓሣውን መንገድ በዓይን መከተል ይቻላል። ከአረፋው ጋር ውሃው ከአካባቢው ይልቅ ደፍርሶ ከታየ ጥርጣሬ አይኖርም። ከውሃ ዘሎ መውደቁ ግን ሌላ ነው። የዘለለ ካርፕ በአካባቢው ዓሣ መኖሩን ይነግረኛል እንጂ እየተመገበ መሆኑን አያረጋግጥልኝም፤ ስለዚህ በአንድ ዝላይ ብቻ ቦታ አልቀይርም፤ እዚያው አካባቢ ከተደጋገመ ግን እሄዳለሁ። በሸምበቆ ዳርቻም እንዲሁ ነው። ነፋስ ሳይኖር አንዱ ሸምበቆ ብቻውን ከሥሩ ነቅነቅ ካለ፣ ዓሣው ግንዱ ላይ የተጣበቁትን ቀንድ አውጣዎች እየለቀመ ወይም እየተሻሸ ሊሆን ስለሚችል እዚያ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል።

ነፋስ በዚህ ወቅት ከማንኛውም ነገር በላይ ቦታ ይወስናል። በሙቀቱ ተዳክሞ የቆየ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ ነፋሱ የሚመታው ዳርቻ ማዕበሉ አየር የሚቀላቅልበትና ተንሳፋፊ ምግብ የሚጠራቀምበት ስለሚሆን ዓሣው ወደዚያ ያመራል። በፊት ላይ ነፋስ እየነፈሰ መወርወር የማይመች ቢሆንም፣ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ጸጥ ባለው ወገን ከመቀመጥ ይህን እመርጣለሁ። ሌሊቶቹ መቀዝቀዝ ሲጀምሩና ነፋሱ ከውሃው ይልቅ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ የሚያገኘውና ከነፋስ የተከለለው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ከቀትር በኋላ የተሻለ ይሆናል። ከከባድ ማዕበልና ዝናብ በኋላ ደግሞ የታችኛው የተበላሸ ውሃ ከላይኛው ጋር በድንገት ሊቀላቀል ስለሚችል፣ ዓሣው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጭራሽ ላይመገብ ይችላል። ዓሦች ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲቀዱ ካየሁ ዘንጌን ሳልዘረጋ እመለሳለሁ፤ በዚህ ሁኔታ የተያዘ ዓሣ ቢለቀቅም የመትረፍ ዕድሉ አነስተኛ ነውና። ሌላም ሰው እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ሰዓቱ ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። ዕፅዋት በበዛበት ውሃ ከጎህ በፊት ብዙም አልጠብቅም፤ ፀሐይ ወጥታ ዕፅዋቱ ኦክሲጅን ማመንጨት ከጀመሩ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት እመርጣለሁ። ዕፅዋት በሌለውና ነፋስ በሚያገኘው ሰፊ ውሃ ግን ጎህ ሲቀድ ያለው ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ወይም በተንሳፋፊ ቅጠሎች መካከል ይቆማል፤ ይህ ወለል ላይ የተቀመጠ ምግብ የማይነካበት፣ ተንሳፋፊ የዳቦ ቁራሽ ግን ሥራውን የሚሠራበት ሰዓት ነው። ዳቦውን መጀመሪያ ያለ መንጠቆ ጣል ጣል አድርጌ ዓሣው ያለ ፍርሃት መዋጥ እስኪጀምር እጠብቃለሁ። በመጀመሪያው ጉርሻ ላይ መንጠቆ ከቀረበ መንጋው ሁሉ ይርቃል።

ስለ ምግቡ አሁን ልናገር። ካርፕ እንደ ሌሎች ብዙ እንስሳት የተለየ ጨጓራ የለውም፤ ምግቡን ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች አድቅቆ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ያሳልፋል። በመሆኑም ጥቂት ጥቂት ነገር ቶሎ ቶሎ መመገብ ይስማማዋል። እኔ ይህን ተከትዬ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው የተቀቀለ በቆሎና ሽምብራ ነው። ደረቅ ጥራጥሬ ያለ ዝግጅት መጣል ተገቢ አይደለም፤ ዓሣው ውስጥ ገብቶ ሊያብጥና ሊጎዳው ይችላል። በውሃ አንድ ሙሉ ቀን ከተዘፈዘፈ በኋላ በጣት ሲጫኑት የሚፈርጥ እስኪሆን ድረስ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ መቀቀል አለበት። ከዱቄትና ከእንቁላል ተለውሰው የሚቀቀሉት ጠንካራ የሊጥ ኳሶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። በሙቀት ወራት ትናንሽ ዓሦች ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ለስላሳውን በቆሎና ትሉን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሱታል። ጠንካራው ኳስ ግን ትልቁ ዓሣ እስኪመጣ ድረስ ይቆያል። መጠኑን በተመለከተ፣ ብዙ በትኖ ከመጀመር ሁለት እፍኝ ያህል በትኖ ምላሹን ማየት ይሻላል፤ የተበተነ ምግብ ተመልሶ አይነሳምና። ምግቡ ሳይበላ ወለሉ ላይ ከበሰበሰ ደግሞ ውሃውን ራሱን ይጎዳል።

መንጠቆውን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻና ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝ አጥማጆች ዘንድ ተቀይሶ በዓለም የተስፋፋውን ዘዴ እጠቀማለሁ። ምግቡ መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ ከመንጠቆው በወጣች አጭርና ለስላሳ ክር ላይ ይንጠለጠላል፣ መንጠቆው ባዶ ይቀራል። ይህ የሚሠራበት ምክንያት የዓሣው አመጋገብ ነው። ካርፕ ምግቡን ከውሃው ጋር አንድ ላይ ይስባል፤ ካልጣመው ወዲያው መልሶ ይተፋዋል። ምግቡ መንጠቆው ላይ ተሰክቶ ከሆነ የመንጠቆው ጫፍ ተሸፍኖ ምንም ሳይዝ አብሮ ይወጣል። በክር የተንጠለጠለ እንደሆነ ግን ምግቡ ሲወጣ ባዶው መንጠቆ ወደኋላ ቀርቶ የታችኛውን ከንፈር ይይዛል። በምግቡና በመንጠቆው ጉብጠት መካከል ያለው ክፍተት ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። መንጠቆውን ሁልጊዜ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ እጎትተዋለሁ፤ ሳይቧጥጥ ከተንሸራተተ ደንዟል ማለት ነውና እቀይረዋለሁ። ጠጠር ባለበት ወለል ላይ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ይህን ማድረግ ያስፈልጋል።

ማስጠሚያው እርሳስ ከ80 እስከ 100 ግራም ቢመዝን ዓሣው ሲደነግጥ መንጠቆውን ራሱ ወደ ሥጋው እንዲያስገባ ያደርገዋል። ነገር ግን እርሳሱ ከዋናው ክር ጋር በቋሚነት መታሰር የለበትም። ክሩ ቢበጠስ ዓሣው እርሳሱን እየጎተተ ሸምበቆ ውስጥ ተጠምዶ እንዳይሞት፣ እርሳሱ በቀላሉ የሚላቀቅበት ማያያዣ መጠቀም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ወቅት የውሃ ዕፅዋት ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ስለሚበዙ ክሩም ከተለመደው ወፈር ያለ መሆን አለበት፤ ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ለአብዛኛው ውሃ ይስማማል።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለው ትግል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክሩ የሚጠቀለልበት የማጠንጠኛው ፍሬን ክሩ ከመበጠሱ አስቀድሞ የሚለቅ ሆኖ ይስተካከል፤ ዘንጉ ቀና ብሎ ይያዝ፤ ዓሣው ዕፅዋት ውስጥ ገብቶ ከቆመ ደግሞ በኃይል ከመሳብ ክሩን ለጥቂት ጊዜ ማላላት ብዙውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ እንዲወጣ ያደርገዋል። ሆኖም በሞቀ ውሃ ውስጥ ትግሉን ሆን ብሎ ማራዘም ለዓሣው አደገኛ ነው። የተጠቀመበትን ኦክሲጅን መልሶ ለማግኘት የሚቸገርበት ወቅት ስለሆነ፣ ቀጭን ክር ይዞ «ረጅም ትግል» መፈለግን አልደግፍም።

ይህ ሐሳብ በአያያዝ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ዘንጉ ከመወርወሩ በፊት ሰፊው መረብ፣ ለስላሳው ምንጣፍ፣ መንጠቆ ማውጫ መቆንጠጫውና ውሃ የተሞላ ባልዲ በአንድ ቦታ ተዘጋጅተው መቀመጥ አለባቸው። በሙቀት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ምንጣፍ እጅን ያቃጥላል፤ የዓሣውን ቆዳ የሚከላከለውን የሚያዳልጥ ሽፋን ደግሞ ያደርቀዋል። ስለዚህ ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ምንጣፉም እጅም በውሃ ይርሳሉ። ዓሣውን ቆሜ አላነሣውም፤ ተንበርክኬ፣ አንዱን እጄን ከፊት ክንፎቹ ሥር፣ ሌላውን ከጅራቱ በፊት ባለው ክፍል ሥር አድርጌ ከምንጣፉ ከፍ ሳላደርግ እይዘዋለሁ፤ የሚተነፍስበትን ስንጥቡንም አልነካም። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ካለ ካሜራው ዓሣው ገና መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ሳለ ይዘጋጅ። ሲለቀቅም አይወረወርም፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከታች ተደግፎ፣ ስንጥቦቹ በእኩል ጊዜ መከፈትና መዘጋት ጀምረው በራሱ ኃይል እስኪሄድ መጠበቅ ነው። በሙቀት ጊዜ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ሊጣደፉበትም አይገባም።

መልቀቅ የሚለው ቃል ግን በየአገሩ አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። ካርፕ ከትውልድ አካባቢው ውጭ በሰው እጅ ወደ ብዙ አገሮች ስለገባ፣ በአንዳንዱ ቦታ ተከብሮ የሚጠበቅ ሲሆን በሌላው ለአገሬው ዓሦችና ለውሃው ጥራት ጠንቅ ተደርጎ ይታያል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ግዛት የተያዘን ካርፕ በሕይወት ወደ ውሃ መመለስ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በብዙ የአውሮፓ የግል ኩሬዎች ደግሞ መመለሱ ግዴታ ነው። በመሆኑም ከመውጣት በፊት የሚጠመድበትን ውሃ ደንብ ማወቅ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን ደግሞ ካርፕን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ከማዛወር መታቀብ ይገባል።

ሌሊቶቹ እየቀዘቀዙ ሲሄዱ የምለውጠው ነገር አለ። ቴርሞሜትር በክር አስሬ ወደ ወለሉ እያወረድኩ ሙቀቱን እከታተላለሁ። ውሃው ከ20 ዲግሪ ወደ 15 በሚወርድባቸው ሳምንታት ዓሣው ቀኑን ሙሉ መመገብ ስለሚጀምር የቀትሩን ሰዓት መልሼ እጠቀምበታለሁ፤ የሚበተነውንም ምግብ ከፍ አደርጋለሁ። የላይኛውና የታችኛው ውሃ በዚህ ጊዜ እየተቀላቀለ ስለሚሄድ፣ ቀደም ሲል ጭቃው ይሸት የነበረው ጥልቅ ቦታ ኦክሲጅን አግኝቶ እንደሆነ እርሳሱን ወርውሬ ደግሜ አሸታለሁ፤ ሽታው ከጠፋ አንዱን ዘንግ ወደዚያ አዛውራለሁ። ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን መበተኑን ወደ ጥቂት ፍሬዎች እቀንሳለሁ፣ የቦታ ፍለጋውንም ከነፋስ ወደ ፀሐይ አዞራለሁ።